የጭስ ማጣሪያ ጥያቄና መልስ፦ ከመንቀልህ በፊት ለካ

ሰላም የጅማ መኪና ወዳጆች። ዛሬ ጭስ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ ስለሚይዘው ስለ ጭስ ማጣሪያ ጠይቁኝ፤ የናፍጣው ዲፒኤፍም ይሁን የቤንዚኑ ጂፒኤፍ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፣ የገደለው ሌላ ነገር አለ። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነትና የስህተት ኮዱን ጻፉ።

ከመርካቶ፦ ጋሼ፣ መብራት በርቶብኛል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቱ መብራት? የምን መኪና? ኮዱን አስነብበህ ተመለስ።

ከጂሬን፦ የ2019 (እ.ኤ.አ.) ጎልፍ ጂቲአይ ነው፣ ቤንዚን፣ ከአውሮፓ የገባ። ኮዱ ፒ2002 ነው። ጉልበቱ አልቀነሰም፣ እንደ ድሮው ይሮጣል። ጋራዥ ግን "ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ቀይር" አሉኝ።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ፒ2002 ማለት ማጣሪያው በሚገባ እያጣራ አይደለም ማለት ነው እንጂ ተደፍኗል ማለት አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ጭሱ ሳይጣራ እያለፈ ነው፣ ወይም ኮምፒውተሩ እንደዚያ መስሎታል። የተደፈነ ቢሆን ጉልበቱ በቀነሰ ነበር።

በመጀመሪያ የግፊት ሴንሰሩን ፈትሽ፤ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚለካው ነው። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ዜሮ ወይም እዚያው አካባቢ ማንበብ አለበት። ካላነበበ ሴንሰሩ እየዋሸህ ነው። ከዚያ አስነሳና ቀስ እያልክ እስከ 3000 ዙር ነዳጅ ስጠው። ቁጥሩ አብሮ መውጣት፣ ስትለቀው መውረድ አለበት። ዜሮ ላይ ከቀረ ቱቦውን እይ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ አዲስ ማጣሪያ ሊገዛ ብሩን አዘጋጅቶ መጣ። ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ከታጠፈበት ቦታ ጨበጥ ሳደርገው ተሰንጥቋል፣ ጥፍሬ ገባበት። ቱቦውን ቀየርን፣ ኮዱን አጠፋን፣ እስካሁን አልተመለሰም።

ቱቦውም ሴንሰሩም ደህና ከሆኑ ማጣሪያው ውስጡ ቀልጦ ወይም ተሰንጥቆ ይሆናል። ያኔም ዝም ብለህ አትቀይር! ካንዴላና ኮይሉን አስፈትሽ። አንዱ ሲሊንደር ካልተኮሰ ያልተቃጠለው ቤንዚን ሄዶ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይነዳል፣ የማጣሪያውን የውስጥ ሴራሚክ የሚያቀልጠው እሱ ነው። የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ካለ እግርህን ከነዳጁ አንሳ። ጭስ ማውጫው እንዲተኩስ ብለው ሶፍትዌር የሚያስጭኑ ልጆችም ይሄን አንብቡ፤ ማጣሪያችሁን በገዛ እጃችሁ እየቀቀላችሁት ነው።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ነቅለን ብንጥለውስ?

መልስ፦ አልመክርም። ጥቀርሻውን የሚተነፍሰው ከኋላህ ባጃጅ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ከሊሙ፦ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጎ (ከማርሽ አውጥቶ) መውረድ ለማጣሪያው ጥሩ ነው ይባላል። ነዳጅም ይቆጥባል።

ከኮጪ፦ ኧረ ወንድሜ፣ ፍሬንህን ትጨርሳለህ!

ከሊሙ፦ 15 ዓመት ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ነዳጅ ይቆርጣል። ንጹህ አየር ብቻ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል፣ ማጣሪያው የጋለ ከሆነ ጥቀርሻው በዚያ አየር ይቃጠላል። የቤንዚን ማጣሪያ በአብዛኛው ራሱን የሚያጸዳው እንዲህ ነው። ፎሌ ካደረግከው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል፣ ያ አየር አይገኝም። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ስትወርድ ማርሽ ውስጥ ውረድ። ፍሬንህም ይተርፋል።

ከአጋሮ፦ የእኔ የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ዘይቱ በመቀነስ ፈንታ እየጨመረ ነው። ጤና ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ዛሬውኑ ዘይት ቀይር። የናፍጣው ማጣሪያ ጥቀርሻውን ለማቃጠል ወደ 600 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለዚያ ሲል ሞተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል። አንተ መሀል ላይ ካጠፋኸው ሥራው አያልቅም፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ይጀምራል፣ ናፍጣውም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ከሂርማታ ኮጪ እየተመላለስክ ብቻ ማጣሪያ አይጸዳም። ዘይቱን ከቀየርክ በኋላ በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ ያህል ሳታቆም ንዳው። ዘይቱም ማጣሪያ ላለው መኪና የተሠራ፣ አመዱ አነስተኛ የሆነ ይሁን። ጥቀርሻ ይቃጠላል፣ አመድ ግን እዚያው ይቀራል።

አደራ ደግሞ፣ ማጣሪያው ጥቀርሻውን እያቃጠለ ሳለ መኪናውን ደረቅ ሣር ወይም የቡና ገለባ ላይ አታቁሙ። እሳት ነው የምታስነሱት።

ከኮጪ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ለምን ኤሌክትሪክ ገዝታችሁ አትገላገሉም?

ከሊሙ፦ አንተ ግዛልኛ!

ከኮጪ፦ ለናፍጣ ያወጣኸውን ብትደምረው...

መልስ፦ ይሄ ሌላ ቀን። አዲስ መኪና እንደ ልብ ካልገባ ያለውን በደንብ መያዝ ነው፣ ለዚህ ነው የተሰበሰብነው።

ከቦሳ፦ መብራት በርቷል፣ ማጣሪያው ይሆን?

መልስ፦ ኮድ! ከላይ ጽፌያለሁ፣ እባካችሁ አንብቡ።

ከመርካቶ፦ ጋሼ ተመልሻለሁ። የናፍጣ ቢኤምደብሊው ነው፣ ፒ2463። ጥቀርሻ ሞልቷል፣ ነቅለን በውሃ ግፊት እንጠበው አሉኝ።

መልስ፦ ከመንቀልህ በፊት ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት ስንት ያነባል?

ከመርካቶ፦ 18 ሚሊባር።

መልስ፦ ሞተር ጠፍቶ? ሁለቱንም ቱቦ ከሴንሰሩ ላይ ንቀልና እንደገና አንብብ።

ከመርካቶ፦ አሁንም 18።

መልስ፦ በል ማጣሪያውን አትንካው። ሴንሰሩን ቀይር፣ ቱቦዎቹንም አጽዳ፣ ከዚያ ቁጥሩን ጻፍልኝ።