ለመጀመሪያ ጊዜ ለክልል ምክር ቤት ለምትወዳደሩ

እንዴት ከረማችሁ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደሴ ፒያሳ ያለችው ጠባብ ቢሮዬ መጣች። አባቷ የእናቴ መንደር ሰው ነው፤ አንድ ቅሬ፣ አንድ ዕድር ነን። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ለክልል ምክር ቤት በግሌ ልወዳደር ነው። አንቱም ተወዳድረው ነበር አሉ» አለችኝ።

«ተሸንፌም ነበር» አልኳት።

ሳቀች። ከቦርሳዋ የፖስተሯን ናሙና አወጣችና ፎቶዋ ያምር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያምራል። ግን መልስ ሳልሰጣት ቡና አዘዝኩ። እኔም ከሃያ ዓመት በፊት የጀመርኩት ከፎቶ ነበርና። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

ጊዜው 1997 ነው። ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜ ወይ ትድሁ ነበር ወይ ገና ልጆች ነበራችሁ። ጥብቅና ከጀመርኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል፤ አርባ አልሞላኝም፤ የማላውቀው ሕግ ያለ አይመስለኝም። በተወለድኩበት ወረዳ የግል ዕጩ ሆኜ ተመዘገብኩ። ከረባት አስሬ ፎቶ ተነሳሁ። ምልክት ምረጥ ስባል መጽሐፍ መረጥኩ። የተማረ ሰው ነኝ ለማለት ነው መሰለኝ። ገበሬው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ ደብተር የያዘው ግብር ሰብሳቢ ነው እንዴ?» አለ። ምልክታችሁን ከመምረጣችሁ በፊት ማንበብ ለማይችሉ አሥር ሰዎች አሳዩዋቸው። ምን እንደሆነ አትንገሯቸው፤ እነሱ ይንገሯችሁ።

ግን የጣለኝ ምልክቱ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሜ ተናገርኩ። ክሊኒክ አልኩ፣ ድልድይ አልኩ፣ መብራት አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ጉሮሮዬ ደርቆ ገበያው ዳር ቡና ከሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ሄጄ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። የሸራው ጥላ አንድ እግሩ በድንጋይ ተደግፏል። ሴትዮዋ እያራገቡ ዝም ብለው አዩኝ። ሦስተኛውን፣ በረካውን፣ ሲቀዱልኝ ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ብዙ ተናገርክ፤ አፍህን አያድክመው። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁለት ጥማድ መሬት አለችኝ። ላሳደግኳት ልጅ ማውረስ እችላለሁ? ወይስ የወንድሜ ልጅ እንደሚለው እሱ ነው የሚወስዳት?»

እኔ ጠበቃው የምለው ጠፋኝ። «ስመረጥ አየዋለሁ፣ እናቴ» አልኳቸው።

«ሳትመረጥስ አታየውም?»

ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ይቃጠል ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያን ቀን ቃል የገባኋቸው ነገሮች አብዛኞቹ የምወዳደርበት ወንበር ሥራ አልነበሩም። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ቁርጥ ያለው የክልል ምክር ቤት ሥራ ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 51 እና 52 ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ጥቂት ገጽ ናቸው። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ክልልን ከክልል የሚያገናኝ ዋና መንገድ የፌዴራል ነው። መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ ማስተዳደር የክልል ነው። ባሕር ዳር የሚሰበሰበው ምክር ቤት የክልሉን ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ርዕሰ መስተዳድሩን ይሰይማል። የሚያወጣው አዋጅ ዝክረ ሕግ በሚባለው ጋዜጣ ይታተማል። ለመንደራችሁ ቧንቧ የሚቀብር የምክር ቤት አባል የለም። ለወረዳው ከሚደርሰው ገንዘብ የትኛው ለውኃ፣ የትኛው ለትምህርት ቤት እንደሚሆን የሚወስነው የወረዳው ምክር ቤት ነው። እናንተ ባሕር ዳር ሆናችሁ ልትከራከሩ የምትችሉት ለወረዳዎች በሚከፋፈልበት ቀመር ላይ ነው። ይሄ በመድረክ ላይ ሲነገር አያስጨበጭብም። አውቃለሁ። ግን ምራቁን የዋጠ ሰው ዝም ብሎ እያዳመጠ ይመዝናችኋል።

«ይህ የእኔ ወንበር ሥራ አይደለም፤ የሚመለከተው እገሌ ቢሮ ነው፤ ነገ ጠዋት አብሬዎት እሄዳለሁ» ማለትን ተለማመዱ። መስታወት ፊት ቆማችሁም ቢሆን። ለአፍ ይከብዳል። ለአንድ ወጣት ዕጩ ከዚህ የሚከብድ ዓረፍተ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስለ ፊርማው ደግሞ። የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ሲወጣ ለግል ዕጩ ከምርጫ ክልሉ 5,000 የድጋፍ ፊርማ ይጠይቅ ነበር። ዕድሜ 21 መሙላት አለበት። ምርጫ ቦርዱ ለየምርጫው የሚያወጣውን መመሪያም ከቀን መቁጠሪያው ጋር አንብቡ፤ ቀን ያለፈበት ዕጩ ብዙ አይቻለሁ። ልጅቷ ፊርማውን የሚሰበስቡላት ልጆች እንደምትቀጥር ነገረችኝ። አይሆንም አልኳት። በእኔ ጊዜ ቅጹን ለሁለት ጎረምሶች ሰጥቼ ላክሁ። አንድ ደግ ሽማግሌ ያጠናከሩልኝ መስሏቸው ለራሳቸውም፣ ለሚስታቸውም፣ ዓረብ አገር ላለው ልጃቸውም አውራ ጣታቸውን አትመውልኝ ተገኘ። ሦስት የጣት አሻራ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ፈሷል። አስመራጩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ምንም አላለኝም፤ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ፊርማ ስትሰበስቡ በየደጁ ራሳችሁ ሂዱ። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ድንበር እንደተገፋ፣ የትኛው ጎጥ ውኃ ከስንት ሰዓት መንገድ እንደሚቀዳ የምትሰሙት ያን ጊዜ ነው። ቅጹ ሰበብ ይሁናችሁ።

ገንዘብን በአጭሩ ልለፈው። «ይህን ያህል ሰው አመጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ይመጣል። ሁልጊዜ ይመጣል። ቡና ጋብዙትና ሸኙት። ጫትና በግ ገዝቶ ሰው መሰብሰብም ሕጉን ትቼው እንኳ አያዋጣም፤ የእኛ ሰው በልቶ መርቆ ይሄድና የሚመርጠውን ይመርጣል።

ወኪል ግን አትርሱ። ለየጣቢያው የሚታዘብላችሁ ሰው ያስፈልጋል፣ ስንቁን ቋጥሮ ቆጠራው እስኪያልቅ የሚያድር። ድምፁ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ላይ ነው፣ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ቅሬታ ካለም የሚጀመረው ከጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፣ ጊዜውም የተቆረጠ ነው። «ተጭበርብሬአለሁ» ብሎ ከሳምንት በኋላ እኔ ቢሮ መምጣት ዋጋ የለውም። ማስረጃው ያን ሌሊት ካልተያዘ የለም። ይህን እንደ ጠበቃ ነው የምነግራችሁ።

አሁን ያለንበትን ጊዜ እንዳላየ ሆኜ አልፈውም። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው የቆዩበትን ጊዜ ኖራችሁበታል። ዛሬም እንደልብ የማይኬድበት መንገድ አለ። ያኔ እኔ የፈራሁት ሽንፈትን ብቻ ነበር። እናንተ ከዚያ በላይ የምትፈሩት ነገር ቢኖር አልፈርድባችሁም። እናቱን ሳያማክር፣ ባለቤቱን ሳያማክር የሚመዘገብ ሰው ግን አይገባኝም። ብታሸንፉ እንኳ ከደሴ ባሕር ዳር በወልድያና በጋሸና ዞሮ የሙሉ ቀን መንገድ ነው። ቤተሰባችሁ ከማንም በፊት ይወቀው።

ወደ ሽንፈቴ ልመለስ። ምርጫው እሑድ ግንቦት 7 ነበር። ሰኞ ጠዋት የእናቴ መንደር ጣቢያ ሄድኩ። ወረቀቱ የትምህርት ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አንዱ ጥግ ተላጦ በነፋስ ይርገበገባል። በእጄ ደግፌ አነበብኩት። 31 ድምፅ። የመንደራችን ቅሬ ብቻ ከመቶ ቤት በላይ ነው። ማን እንዳልመረጠኝ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። የአክስቴ ባል፣ ያስተማሩኝ መምህር፣ በነፃ የተከራከርኩለት ጎረቤት። አላውቅማ፤ ድምፁ ምስጢር ነው። እኔ ግን የሁሉንም አውቄ ጨረስኩ። በሦስት ቀን ውስጥ ግማሹን መንደር ጠላሁት ብላችሁ እመኑኝ።

ረቡዕ ለቅሶ ተነገረ። ቅሬ ነው፤ አይቀርም። ከረባቴን ፈትቼ፣ ጋቢ ለብሼ ሄድኩ። ቃሬዛው ሲነሳ ከፊት በቀኝ በኩል ያዝኩ። በግራ በኩል የያዘው ሰው ጣቢያው ላይ ለአሸናፊው የታዘበው ነበር። ዳገቱ ረጅም ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ትከሻዬ ዛለ። ሳልናገር አየና «ወዲህ አምጣው፣ እንቀያየር» አለኝ። ተቀያየርን። ስለ ምርጫው አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከቀብር መልስ እጃችንን ከአንድ ጆግ ታጠብን፣ ንፍሮውን ከአንድ ሰፌድ ዘገንን።

ልጅቷን አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ተቀናቃኝሽን መድረክ ላይ ልትሰድቢው አስበሻል?» ዝም አለች። አስባለች ማለት ነው። «የአባትሽ ወይ የእሱ እናት ለቅሶ ሲሆን ቃሬዛውን የሚይዘው ማን ነው?» አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? እኔ ካሸነፈኝ ሰው ታዛቢ ጋር ቃሬዛ መያዝ የቻልኩት ሌላ ጎበዝነት ኖሮኝ ሳይሆን በስሙ ክፉ ስላልተናገርኩ ብቻ ነው። ልናገር አስቤ ነበር፤ ማይክራፎኑ ተበላሸ።

በዓመቱ፣ በ1998፣ እኔ ያልገባሁበት ምክር ቤት የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 133ን አወጣ። ስለ ውርስና ስለ ስጦታ አንቀጾች አሉት። (ኋላ በ2009ኙ አዋጅ ቁጥር 252 ተተክቷል፤ የሠራሁበትን አሮጌ ኮፒ ግን አልጣልኩም።) ፎቶ ኮፒ አስነስቼ አንድ ቅዳሜ ገበያው ዳር ወረድኩ። ሸራው እዚያው ነው፤ ድንጋዩም።

እያራገቡ ቀና ብለው አዩኝና ዱካውን ሳቡልኝ። ወረቀቱን አወጣሁ። አንቀጹን አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ጎናቸው ጨው የምትሸጠውን ሴት፣ ማዶ ያለችውን ባለ በርበሬዋን ጠሩና «በሉ ስሙ፤ ልጄ፣ ለእነሱም አንብብላቸው» አሉ። ስድስት ሴቶች ሆኑ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አነበብኩ፣ ጠየቁኝ፣ ያልገባኝን አልገባኝም አልኩ።

ስነሳ ኪሴ ገባሁ። ምርጫው ጊዜ የቡናውን ሂሳብ አልቀበልም ብለውኝ ነበር። የዛሬውን ተቀበሉኝ።