ድሬ ላይ የዲዛይን ታሪክ ጋለሪ፦ ከዕቃው በፊት ሠሪውን ፈልጉ

ጥያቄሽን አየሁት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አግኝታችኋል፣ የዲዛይን ታሪክ የሚያሳይ ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነ ጋለሪ ልታደርጉት አስባችኋል፣ ግን ምን መሰብሰብ እንዳለባችሁ ገና አልለየላችሁም። ያማከራችሁት ሰው ሁሉ ደግሞ «ሐረር ሙዚየም ሞልቶ የለም እንዴ?» ይላችኋል። ድሬ ነንና አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። እኔ የድሮዊንግ መምህር ነበርኩ። ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ ከተማ የቤት ዕቃና የሥራ መሣሪያ የሚታይበት አንድ ክፍል አዘጋጅተን ለተወሰነ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት አድርገን ነበር። ክፍሉን የሰጠን መሥሪያ ቤት በኋላ ለስብሰባ ፈለገውና ዕቃውን ለየባለቤቱ መለስን። የምነግርሽ ከዚያ የተረፈኝን ነው።

በሐረሩ ልጀምር። ሸሪፍ ሙዚየምን ካላያችሁት ሳትጀምሩ ሄዳችሁ እዩት። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግሉ ሰብስቦ በራስ ተፈሪ ቤት ለሕዝብ ያኖረውን ዕቃ ስታዪ፣ አንድ ሰው ከጨከነ ምን ያህል መሥራት እንደሚችል ይገባሻል። ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን መጠገንና መጠረዝም እዚያ ተሠርቶበታል። ግን የናንተ ጥያቄ ሌላ ነው። የዲዛይን ታሪክ የሚጠይቀው ይሄ ዕቃ ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ ብሎ ነው። ማን ወሰነ? ከምን ተሠራ? በስንት ተገዛ? ሲሰበር ማን ጠገነው? ከሱ በፊት በቦታው ምን ነበር?

የሐረር ቤት ግድግዳን አስቢ። ጥቁር የእንጨት ገበቴ፣ ስፌት፣ ከነሱ ጎን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ አበባ ያለበት የኢናሜል ሳህን አንድ ላይ ተሰቅለው ታያለሽ። ገበቴውን የጠረበው እዚሁ ያለ ሰው ነው። ስፌቱን የቤቱ ሴቶች ሰፉት። ሳህኑ ደግሞ ፋብሪካ ወጥቶ፣ መርከብ ተሳፍሮ፣ ጅቡቲ ወርዶ መጣ። ሦስቱን አስማምታ የሰቀለችው የቤቱ እመቤት ናት። ታዲያ የዚህ ግድግዳ ዲዛይነር ማናት? ቅርስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሳህኑን «ይሄ እንኳን የቻይና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እናንተ ከሳህኑ ብትጀምሩ ይሻላል።

ለዚህ ደግሞ ድሬ ትመቻለች፣ ምክንያቱም ከተማዋ ራሷ በንድፍ የመጣች ናት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ እዚህ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ መጀመሪያ የሚራገፈው እኛ ጋር ነበር። ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶች ተነደፈ፣ መጋላ የሚባለው ሰፈር በራሱ መንገድ አደገ፣ መሀላቸው የደቻቱ ወንዝ። ስለዚህ የጋለሪያችሁ የመጀመሪያ ዕቃ ያገኛችሁት ቤት ነው። አደራሽን፣ «ለማሳመር» ብላችሁ ጂፕሰምና ሴራሚክ እንዳታለብሱት! ከፍ ያለው ጣሪያ፣ በረንዳው፣ ከመስኮቱ በላይ ያለው የአየር ማስገቢያ፣ ሁሉም ለድሬ ሙቀት የተሰጠ መልስ ነው። ቬንትሌተሩን አጥፉና ጎብኚው አየሩ በየት እንደሚገባ ራሱ ይፈልግ። ከብዙ የጽሑፍ ሰሌዳ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ጋለሪ ሲያስብ ቆንጆና ያረጀ ዕቃ ማሳደድ ይጀምራል። ይሄ መንገድ ገንዘብ ይጨርሳል፣ የነጋዴውን ዋጋ ይሰቅላል፣ በመጨረሻም በእጃችሁ የሚቀረው ታሪኩ የማይታወቅ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ሠሪውን ፈልጉ። ሠሪው ካለ ዕቃው ይመጣል፣ ከነመሣሪያው፣ ከነወሬው።

ለምሳሌ መኪና ግርግር። በስፌት መኪናው ጫጫታ የተሰየመችው የጀጎል መንገድ ማለቴ ነው። እዚያ የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጋ ቁጭ ብለን ነበር። የፎቶግራፍ ባለሙያችን መኪናውን፣ የእግር ሲንጀሩን፣ ከየአቅጣጫው ያነሳል። እኔ ዓይኔ ያረፈው ፔዳሉ ላይ ነው። ፍርግርግ ብረቱ ላይ ጌጥ አለው፤ የቀኝ እግር የሚያርፍበት ቦታ ግን ጌጡ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ ብረቱ ያብረቀርቃል። ሽማግሌው ደግሞ ከጠረጴዛው መሳቢያ ደብተር አወጡ። የደንበኞች ልክ ነው፣ ገጽ በገጽ። የሴቶቹ ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ እየጠበበ ጥልፍ የሚገባበት ቦታ በእርሳስ ተስሏል። እናትና ልጅ በተለያየ ዘመን ያሰፉት አንድ ደብተር ውስጥ አለ፣ የሱሪው ቁርጥ እንዴት እንደተለወጠ ታይዋለሽ። ለኔ ይሄ ደብተር የዲዛይን ማኅደር ነው። መኪናውን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፣ ደብተሩን ግን ቁጭ ብሎ ሻይ ያልጠጣ ሰው አያገኘውም። ደብተሩን አልሰጡንም፣ ፎቶ አንሱት አሉን፣ አነሳን፣ አሳትመን አሳየን። በቂ ነበር።

መኪናውን ስታሳዩ ደግሞ ቅርጹ ላይ ብቻ አትቁሙ። ሲንጀር ዓለምን የያዘው በማሽኑ ብቻ አይደለም፣ ገና እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ መሸጥ ስለጀመረም ነው። ድሃ ሴት ወይም ወጣት ልብስ ሰፊ እንዲገዛው ያደረገው ይሄ ነው። የአከፋፈሉም ሐሳብ ዲዛይን ነው።

ስለ ባቡሩ። የሽመንደፈር ጡረተኞች ድሬ ውስጥ አሉ፣ ግን ጊዜ አይጠብቅምና ቶሎ በሉ። ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1934 «ማሽን አርት» የሚል ዐውደ ርእይ አሳይቶ ነበር፣ አዘጋጁ ፊሊፕ ጆንሰን ነው። ሞላ፣ የጀልባ ማሽከርከሪያ፣ እኛ ኩሽኔታ የምንለውን ሁሉ እንደ ሐውልት መደብ ላይ አስቀምጦ «ውበቱን እዩ» አለ። በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ግን ኩሽኔታውን ማን እንደቀየረው፣ ማን እጁን እንደቆረጠበት አይናገርም። ድሬ ላይ እንደዛ ብታደርጉ የባቡር ሰዎች ይስቁባችኋል። አንድ ጡረተኛ ቶርኖ ሠራተኛ ራሱ የሠራውን ቁልፍ አምጥቶልን ነበር፣ ከፋብሪካ የመጣው አንዷን ጠባብ ቦታ ስላልደረሰላት አንገቱን አጥፎ የሠራው። ጎብኚዎች ከሁሉ ነገር በላይ የቆሙት እሱ ጋ ነው። ለምን? ችግሩ ምን እንደነበር ዕቃው ላይ ይታያላ! በእጁ ይዞ እንዴት እንደሚገባ ሲያሳይ በስልክ ቀረጽነው፣ ከዕቃው አጠገብ አጫወትነው።

ፔዦ 404 እንዳትረሱ አቦ! ሰማያዊና ነጭ ታክሲው እዚህ አካባቢ ከዘመድ አይተናነስም። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ነው፣ ቅርጹን ያወጣው የቱሪኑ ፒኒንፋሪና ነው። ፈረንሳዮቹ ማምረት ካቆሙ በኋላ ግን በመንገድ ላይ ያቆዩት የሐረርና የድሬ ጋራዦች ናቸው። ሙሉ መኪና ቤታችሁ አይገባም፣ አያስፈልግምም። ከአንድ ባቲላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ ከሚያቃና ሰው፣ አንድ በር ለምኑ። እኛ ያገኘነው በር ጠርዙ ላይ ተልጦ ነበር፣ ቀለሙ ተደራርቦ የሽንኩርት ልጣጭ መስሎ ይታያል፣ ከሥር ሰማያዊ ያልሆነ ቀለምም አለ። ታክሲ ከመሆኑ በፊት የሰው መኪና ነበር ማለት ነው። ልጆች ቀለሙን ይቆጥሩ ነበር።

አያያዝ ላይ ድሬ ጨካኝ ናት። ፀሐይ የስፌት ቀለም ይበላል፣ በተለይ በፋብሪካ ቀለም የተነከረ ስንደዶና አክርማ ቶሎ ይደበዝዛል። ለጨርቅና ለተነከረ ሣር ሙዚየሞች የሚመክሩት መብራት ወደ 50 ሉክስ ነው፣ ማለትም ደብዘዝ ያለ ክፍል። በስልክ አፕ መለካት ይቻላል፣ ልክ ባይሆንም ግምት ይሰጣል። ወፍራም መጋረጃ ከውድ መብራት ይቀድማል። ምስጥ ስላለ ምንም ነገር መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ተጠግቶ አይቀመጥ። ነቀዝ የገባው ስፌት ከመጣ መድኃኒት አትንፉበት። በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚሆን ዲፕ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዩት፣ ስታወጡት ፕላስቲኩን ሳትፈቱ አንድ ቀን ይደር፣ አለበለዚያ ይረጥባል። ቀለም የተቀባ እንጨትና ሙጫ ያለበት ነገር ግን እንዲህ አይደረግም። ፍሪዘር ከሥጋ ቤት ለመንን፣ ባለቤቱ «ሞሰብ ታበስላላችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀብን።

ወረቀቱን አትናቁት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ምዝገባና አያያዝ የሚደነግገው ነው። ያረጀ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አነጋግሩ፣ አለበለዚያ ቅን ልብ ይዛችሁ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ። እኔ የምመርጠው ውሰት ነው። ማን ሰጠ፣ ለስንት ጊዜ፣ ሲገባ የቱ ጋ የተሰነጠቀ ነበር፣ ከአጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ። ይሄን ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ። «እኛ እኮ እንተማመናለን» የሚል ሰው ይመጣል። እሱንም አስፈርሙት።

ሰዓት! ከቀኑ ሰባት እስከ አስር ሰዓት ድሬ ላይ ማን ይመጣል? ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ። ጠዋትና ማታ ክፈቱ። የለንደኑ የዲዛይን ሙዚየም፣ ዛሬ ቪክቶሪያ እና አልበርት የሚባለው፣ ደቡብ ኬንሲንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1857 ሲከፈት የጋዝ መብራት አስገብቶ ማታ ይከፍት ነበር፣ ቀን ሥራ ላይ የሚውለው ሰው እንዲያይ ብሎ። እኛም ከአመሻሽ በኋላ ነው ሰው ያየነው፣ ቤተሰብ ይዞ፣ ለመንሸራሸር ወጥቶ ጎራ የሚል።

ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን። ኦሮምኛና ሶማልኛ ያስፈልጋል፣ የሐረር ዕቃ ሲሆን ሐረሪም። አጭር ይሁን፣ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር። ትርጉሙን ለአንድ ሰው ሰጥታችሁ እንዳትለጥፉ፣ ዕቃውን የሚያውቅ አዛውንት ያንብበው። ዕቃው በቋንቋው ስም አለው፣ የመጽሐፉ ስም ደግሞ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ስንት ዕቃ ይበቃል ላልሽው፣ አንድ ክፍል በደንብ ሙሉና ክፈቱ። ሁሉም ክፍል እስኪያልቅ ከጠበቃችሁ ቤቱን ሌላ ሰው ይፈልገዋል፣ ከላይ ነግሬሻለሁ። የውል ዓመቱንም ከዕድሳቱ በፊት በጽሑፍ ያዙ። የውሰት ቅጹ ቴሌግራም ላይ አለኝ፣ ኢንቦክስ አድርጊኝ እልክልሻለሁ፤ የባቡር ጡረተኞቹንም ጠይቄ ፈቃደኛ የሆነውን አገናኝሻለሁ። ከሐሙስ በፊት ግን አይሆንልኝም፣ ሠርግ አለብን።