መልስ፦ ለቤዝ ጊታር የሚስማማ ማንገቻ

ጠያቂው ወንድሜ፣ በቀጭን የናይለን ማንገቻ አንድ ሰዓት ቆመው ሲጫወቱ ትከሻዎ እንደሚዝልና የጊታሩ አንገት ወደ መሬት እንደሚያዘነብል ጽፈዋል። ቤዝ ጊታር ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ክብደቱ በትከሻዎ ላይ እንዲሰራጭ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን ቢመርጡ ይሻላል። የውስጥ ገጹ ሻካራ ቆዳ ከሆነ ልብስዎን ጨብጦ ስለሚይዝ እንደ ናይለኑ አይንሸራተትም፤ የአንገቱን ማዘንበል ፈጽሞ ባያስቀረውም በእጅጉ ያቀልለዋል።

ርዝመቱን ለማስተካከል ወንበር ላይ ተቀምጠው ጊታሩን እንደ ልማድዎ ይያዙና ማንገቻው እስኪወጠር ድረስ ያሳጥሩት፤ ሲነሡ ጊታሩ ከነበረበት ከፍታ ዝቅ ማለት የለበትም። እስከ ጭን ማውረዱ መድረክ ላይ ያምር ይሆናል፣ ነገር ግን የግራ እጅዎን አንጓ ከልክ በላይ ያጥፈዋል። የማንገቻው ቀዳዳ ከላላ፣ በሚሰካበት ጉጥ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት ያጥልቁበት።