የጀርመንኛ ግስ ወንበሩ የት ነው?

የቋንቋ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን። የጀርመንኛውን ቃል በፊደላችን የጻፍነው ድምፅ አውጥታችሁ እንድታነቡት ነው።

ጥያቄ፦ ለኤ1 (ለጀማሪዎች ደረጃ) ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። «ሞርገን ኢኽ ፋረ ናኽ በርሊን» (ነገ ወደ በርሊን እሄዳለሁ) ብዬ ስጽፍ አስተማሪዬ በቀይ ይሰርዝብኛል። ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ «ነገ» ከፊት ቢመጣም ባለቤቱና ግሱ ንቅንቅ አይሉም። ጀርመንኛ እንዲህ አይደለም። በዋናው ዓረፍተ ነገር የረባው ግስ (እንደ ባለቤቱ የተለወጠው) ሁለተኛውን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ የሚዘዋወሩት ሌሎቹ ናቸው። «ሞርገን» አንደኛውን ቦታ ከያዘ «ፋረ» ይከተላል፣ «ኢኽ» ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ሞርገን ፋረ ኢኽ ናኽ በርሊን»።

ሁለተኛ ቦታ ሲባል ሁለተኛ ቃል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። «አም ኔክስተን ሞንታግ ፋረ ኢኽ ናኽ በርሊን» (በሚቀጥለው ሰኞ ወደ በርሊን እሄዳለሁ) ሲሉ ከግሱ በፊት ሦስት ቃላት አሉ፤ ሦስቱም ግን «መቼ?» ለሚል አንድ ጥያቄ መልስ ስለሆኑ የያዙት አንድ ቦታ ነው። አዎ ወይም አይ ተብሎ በሚመለስ ጥያቄ ግን ግሱ ራሱ አንደኛ ይወጣል፦ «ኮምስት ዱ ሞርገን?» (ነገ ትመጣለህ?)

አሁን ብዙ መምህራን የማይነግሩንን እንንገርዎ፤ ለዚህ ጉዳይ ከእንግሊዝኛ ይልቅ አማርኛዎ ይጠቅምዎታል። እነዚህን ሁለቱን ቃል በቃል ያስተያዩ፦

ነገ / በአውቶቡስ / ወደ በርሊን / መሄድ
ሞርገን / ሚት ደም ቡስ / ናኽ በርሊን / ፋረን

ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። «እፈልጋለሁ» ሲጨመርበት እኛ መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን፤ ጀርመኖች ያንን የረባ ግስ ብቻ አንሥተው ሁለተኛው ቦታ ላይ ያስቀምጡታል፦ «ኢኽ ቪል ሞርገን ሚት ደም ቡስ ናኽ በርሊን ፋረን»። ስለዚህ ሲጽፉ በመጀመሪያ ሐረጉን እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ አድርገው ይደርድሩ፤ ከዚያ የሚረባውን ግስ ነቅለው ወደ ሁለተኛው ቦታ ይውሰዱ። የመሐሉን ቅደም ተከተል አስተማሪዎች «ቴካሞሎ» ይሉታል፤ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት፣ የት ማለት ነው። ብረት ሕግ ባይሆንም ለፈተና ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከ«ቫይል» (ምክንያቱም) በኋላ ግሱ መጨረሻ ይሁን ይሉኛል። እዚህ ግን ሰዎቹ ራሳቸው «ቫይል ኢኽ ሃበ ካይነ ጻይት» (ምክንያቱም ጊዜ የለኝም) ሲሉ እሰማለሁ። ማንን ልመን? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጆሮዎ አልዋሸዎትም፤ በንግግር እንዲህ ይባላል። በጽሑፍና በፈተና ግን ስህተት ነው። የሚጻፈው «ቫይል ኢኽ ካይነ ጻይት ሃበ» ተብሎ ነው። አማርኛው «ጊዜ ስለሌለኝ» ሲል ምክንያቱንም ግሱንም መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ያደርጋቸዋል፤ ጀርመንኛው «ቫይል»ን ከፊት በር ላይ አቁሞ ግሱን ከኋላ በር ያቆማል። «መሥራት ስላለብኝ» ደግሞ «ቫይል ኢኽ አርባይተን ሙስ» ነው። መሥራት፣ አለብኝ፤ አርባይተን፣ ሙስ።

ሰው የሚሳሳተው አያያዦቹን አንድ ላይ ሲያጭቃቸው ነው። «ቫይል»፣ «ዳስ» (እንደ...)፣ «ቬን» (ከሆነ፣ ሲሆን)፣ «ኦፕ» (እንደሆነ)፣ «ኦብቮል» (ምንም እንኳ) ግሱን ወደ መጨረሻ ይገፉታል። «ኡንድ» (እና)፣ «አበር» (ግን)፣ «ኦደር» (ወይም)፣ «ዞንደርን» (ይልቁንም)፣ «ደን» (ምክንያቱም) ምንም ቦታ አይዙም፤ ከእነሱ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። «ዴስሃልፕ» (ስለዚህ)፣ «ትሮጽደም» (ቢሆንም)፣ «ዳን» (ከዚያ) ግን ራሳቸው አንደኛውን ቦታ ስለሚይዙ ግሱ ወዲያው ይከተላል፦ «ዴስሃልፕ ብላይበ ኢኽ ጹ ሃውዘ»። «ዴስሃልፕ ኢኽ ብላይበ» ያለ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል። ፈተና ላይ «ቫይል» ካስጨነቀዎት «ደን» ማምለጫ ነው፤ ትርጉሙ ያው ሆኖ ግሱ አይንቀሳቀስም፦ «ደን ኢኽ ሃበ ካይነ ጻይት»። «ደን»ን ከ«ዳን» እንዳያምታቱ ብቻ።

የ«ቫይል» ሐረግ ከፊት ሲመጣ ደግሞ ሙሉው ሐረግ እንደ አንድ ቦታ ይቆጠራል፦ «ቫይል ኢኽ ክራንክ ቢን፣ ብላይበ ኢኽ ጹ ሃውዘ» (ስለታመምኩ ቤት እቆያለሁ)። ግስ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ግስ። ሁለቱ ግሶች በሰረዙ ግራና ቀኝ ካልተገናኙ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

ጥያቄ፦ «አንሩፈን» ስልክ መደወል ከሆነ «አን» ለምን ይገነጠላል? ብተወውስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከተዉት ትርጉሙ ይለወጣል። «ኢኽ ሩፈ ዲኽ ሞርገን አን» ነገ እደውልልሃለሁ ነው፤ «ኢኽ ሩፈ ዲኽ» ግን እጠራሃለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ ና እልሃለሁ ማለት ነው። ጀርመናዊው አድማጭ የመጨረሻዋን ቅጥያ እስኪሰማ ይጠብቃል። በ«ቫይል» ሐረግ ውስጥ ግን ግሱ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ቅጥያው ይገጠምበታል፦ «ቫይል ኢኽ ዲኽ ሞርገን አንሩፈ»።

የሚገነጠለው ድምፁ የሚጠነክርበት ቅጥያ ነው፦ «አፕ»፣ «አን»፣ «አውፍ»፣ «አውስ»፣ «አይን»፣ «ሚት»። «በ»፣ «ገ»፣ «ኤር»፣ «ፌር»፣ «ጼር»፣ «ኤንት» ፈጽሞ አይለቁም። አንዳንዱ ቅጥያ ሁለቱንም ይችላል፤ «ኡምፋረን»ን ይመልከቱ። «ኡም»ን ካጠነከሩት ይገነጠላል፣ ገጭቶ መጣል ይሆናል፦ «ኤር ፌርት ደን ባውም ኡም»፣ ዛፉን ገጭቶ ይጥለዋል። «ፋ»ን ካጠነከሩት አይገነጠልም፣ ዞሮ ማለፍ ይሆናል፦ «ኤር ኡምፌርት ደን ባውም»። ለመንጃ ፈቃድ የሚማር ሰው ይህችን ልዩነት ቢያውቅ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ግስን አሉታዊ የሚያደርገውን «ኒኽት»ን የት ላስገባ? (ከሙኒክ)

መልስ፦ የተለየ የሚካድ ቃል ከሌለ ወደ መጨረሻ ይገፋል፦ «ኢኽ ካውፈ ዳስ ቡኽ ኒኽት» (መጽሐፉን አልገዛም)። መጨረሻው ላይ የተገነጠለ ቅጥያ ወይም ያልረባ ግስ ካለ ከእሱ ፊት ይቆማል፦ «ኢኽ ሩፈ ዲኽ ኒኽት አን»። ከመድረሻ ቦታም ይቀድማል፦ «ኢኽ ፋረ ኒኽት ናኽ በርሊን»። «መጽሐፍ የለኝም» ለማለት ግን «ኒኽት» አይሆንም፤ «ኢኽ ሃበ ካይን ቡኽ» ይበሉ።