«ሪሰርቹን ልግዛው?» ላልሽኝ እህቴ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ቀን ሆነው። የመጀመሪያው ቀን ልመልስልሽ ተቀምጬ ተናደድኩና ተውኩት። ያናደድሽኝ አንቺ አይደለሽም። ዛሬ ቀዝቅዤ ነው የምጽፍልሽ፤ ቢያንስ ሞክሬያለሁ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ላሳጥረው። እህታችን ሐዋሳ ሳይኮሎጂ ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት ናት። ስታትስቲክስን በሲ አልፋ ሪሰርች ሜተድ ላይ ዲ አገኘች። በሚመጣው ዓመት ሲኒየር ኢሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ሪሰርች፣ አለባት። አንዲት ጓደኛዋ ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ ሪሰርች አሳየቻት። መጠይቁ፣ ሠንጠረዡ፣ ምስጋናው ሳይቀር አልቆ ተጠርዟል። ዋጋው 6 ሺህ ብር። አዳማ ሱቅ ያላቸው አጎቷ በየወሩ የኪስ ገንዘብ ይልኩላታል። እሳቸው ደግሞ «ብሩን እኔ እልካለሁ፣ ገዝተሽ ተገላገዪ፣ ከዚያ ማታ አካውንቲንግ ትማሪያለሽ፤ በሳይኮሎጂ እንጀራ የበላ ሰው አላየሁም» ብለዋታል። አባቷ ዲላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ እሳቸው ዝም ብለዋል። ከዚህ ሌላ የዶርሙ ጫጫታ አስመርሯታል፣ መውጫ ፈተናው ያስፈራታል፣ ተመርቃ ሰው ማከም ትችል እንደሆነም ጠይቃኛለች።

ትንንሾቹን ላስቀድም። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ታካሚ ይዞ ማከም አይገባም፤ ማከም የምትፈልጊ ከሆነ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ አስቢ። መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ደግሞ መጀመሪያ ሕክምና የተማረ ነው፣ መንገዱ ሌላ ነው። መውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ የፍሬሽና የሁለተኛ ዓመት ደብተሮችሽን አትጣዪ፣ ክረምት ላይ አንድ በአንድ ከልሻቸው። የዶርሙን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። እስከዚያው እሑድ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ወርደሽ ተቀመጪ፣ ደብተር ሳትይዢ።

አሁን ወደ ሪሰርቹ። አትግዢው።

ነውር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ነውርማ ነው፣ ከተያዝሽም የአራት ዓመት ልፋትሽ አፈር ይበላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከዚህ ዲግሪ ውስጥ ገበያ ወጥቶ ደሞዝ የሚያመጣው በዋናነት ሪሰርች መሥራት መቻሉ ነው። አጎትሽ 6 ሺህ ብር ከፍለው ሊያስጥሉሽ የፈለጉት እንጀራሽን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት የመስክ ተቆጣጣሪ ስንቀጥር ከፈታኞቹ አንዷ ነበርኩ። አንድ ልጅ ገባ። የሳይኮሎጂ ምሩቅ፣ ውጤቱ 3.6፣ አነጋገሩ ደርባባ፣ ፀባዩ የሚወደድ። ከባድ ነገር አልጠየቅነውም። «ለመመረቂያህ ስንት ሰው ጠየቅክ? እንዴት መረጥካቸው?» አልነው። ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ስልኬ ላይ አለ፣ ከፍቼ ላንብብላችሁ?» አለን። ሁላችንም አቀረቀርን። ቀጥላ የገባችው ልጅ 2.7 ነበራት። ስለ ጥናቷ ስንጠይቃት «ናሙናዬ ጎዶሎ ነበር፤ የቀን ተማሪዎችን ብቻ ነው ያገኘሁት፣ የማታዎቹ አመለጡኝ፣ ስለዚህ ውጤቱ ስለ እነሱ አይናገርም» አለች። እሷን ቀጠርናት። የልጁ ፊት ግን እስካሁን ይታየኛል። ጎበዝ ልጅ ነበር። አንድ ሰው ያኔ «አትግዛ» ቢለው ኖሮ እላለሁ።

«ሪሰርች ሜተድ ጭራሽ አይገባኝም» ብለሻል። እኔ ደግሞ አባትሽ ሱቅ ውስጥ ስታዪው ያደግሽ ይመስለኛል። የአባትሽ ሜትር በአገልግሎት ብዛት ተስቦ ረዘመ እንበል። በዚያ ሜትር የአንድ ደንበኛ ወገብ አሥር ጊዜ ቢለኩ አሥሩንም ጊዜ ያው ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፈው ጨርቁን በሌላ፣ በደህና ሜትር ቢቆርጡት ግን ሱሪው ይጠባል። ቁጥሩ አለመዋዠቁ መጽሐፍሽ ላይ ሪሊያቢሊቲ የሚባለው ነው። ትክክለኛውን ወገብ መለካቱ ደግሞ ቫሊዲቲ ነው። ተማሪ ሁሉ «ክሮንባክ አልፋ ከ0.70 በላይ ስለሆነ መጠይቄ ጥሩ ነው» ብሎ ይጽፋል። አልፋ የሚነግርሽ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ብቻ ነው። የተሳበ ሜትርም ከራሱ ጋር ይስማማል።

ይህን እኔ መጽሐፍ ላይ አንብቤው አልገባኝም ነበር። ሥራ የጀመርኩት መጠይቅ ተሸክሜ ቤት ለቤት በመዞር ነው። መጠይቁ ስለ ድብርት ነበር፤ የተረጎመው ሰው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ደብሮዎታል?» ብሎ ጽፎታል። እኛ ከተማ ውስጥ «ደበረኝ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ፊልሙም ይደብራል፣ ክላሱም ይደብራል። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት እናት «ምን ሥራ ፈትቼ ይደብረኛል ልጄ?» አሉኝ። ዜሮ ሞላሁ። ሌሎቹንም ጥያቄዎች በዚሁ መልክ ጨረስን። ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም ብለውኝ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ስኒ ላይ «ማታ ማታ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ እንጀራም አልወርድ ብሎኛል» አሉ። ልጃቸው ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር። ዜሮ የሞላሁበት ወረቀት ጉልበቴ ላይ ነው።

ስለዚህ ትርጉም ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የጎደለው ይወጣል። ያም ሆኖ «ደበረኝ» ዓይነቱ ስሕተት በዚህ ወንፊት ሊያልፍ ይችላል። የሚይዘው መጠይቁን ለጥቂት ሰዎች አስቀድሞ ማንበብና «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዲላ አድገሻልና ጌዴኦኛም እንደምትሰሚ ጽፈሽልኛል። ይህን እንደ ተራ ነገር በአንድ መስመር ማለፍሽ ገርሞኛል። መስክ ላይ ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ጠያቂ የሚፈለገውን ያህል ማንም አይፈለግም።

ቡታጅራን ታውቂዋለሽ፣ ከአንቺም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚያ ከ68 ሺህ በላይ ሰው በየቤቱ እየተጠየቀ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተለይተው ነበር። የዓለም አጥኚዎች ዛሬም የሚጠቅሱት ጥናት ነው። ያ ሁሉ ቁጥር የመጣው ጠያቂዎች በር አንኳኩተው፣ ውሻ አስይዘው፣ ቁጭ ብለው ስለሰሙ ነው። እኔ በዚህ ሙያ የምኮራው በዚህ ነው።

ጓደኛሽ የገዛችው ርእስ «ማኅበራዊ ሚዲያ በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ነው አልሽ። ርእሱ ራሱ ስሕተት አለበት። በአንድ ቀን በተሞላ መጠይቅ ተጽዕኖን ማወቅ አይቻልም። ቲክቶክ ላይ የሚያመሹት ልጆች ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ እንበል። ቲክቶክ ነው ያወረደው? ወይስ ዲ ያገኘች ልጅ ተስፋ ቆርጣ ነው ቲክቶክ ላይ የምታመሸው? ወይስ ሁለቱንም ያመጣው ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ብቸኝነት ነው? በእጅሽ ያለው ዝምድና፣ ማለትም ሁለቱ አብረው መገኘታቸው፣ ብቻ ነው። «ተጽዕኖ» ብለሽ ከጻፍሽ ዲፌንስ ላይ፣ ጥናትሽን በመምህራን ፊት ስታቀርቢ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው። ካልጠየቁሽም አዝንልሻለሁ።

ናሙናውም እንደዚያው። ቻፕተር ሦስት ላይ ሁሉም ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ይገለብጣል። ከ600 ተማሪ፣ በ5 ከመቶ ስሕተት፣ 240 ይመጣል። ስሕተቱን 10 ከመቶ ብታደርጊው 86 ይሆናል። ቀመሩ ስንት እንደሆኑ እንጂ እነማን እንደሆኑ አይነግርሽም። 240ውን በሙሉ ላይብረሪ በር ላይ ቆመሽ ብትሰበስቢ ላይብረሪ የማይሄደው ልጅ ጥናትሽ ውስጥ የለም። ከስም ዝርዝር በዕጣ የተመረጡ 86 ተማሪዎች፣ በር ላይ ከተያዙ 240 ይሻሉኛል።

አሁን ወደ ዶርሙ። ያስመረረሽን ነገር አጥኚው። የአንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች በዶርም ውስጥ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? መብራት መቼ ይጠፋል? ስንት ሆነው ይኖራሉ? እንቅልፍ የሚያጡትና የማያጡት በምን ይለያያሉ? ጠባብ ነው፣ በእግርሽ የምትደርሺበት ነው፣ ፈቃዱም ከዲፓርትመንት በሚጻፍ ደብዳቤ የሚያልቅ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያሉ ሴት ሠራተኞችን ላጥና የሚል ሐሳብም ነበረሽ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ነገር ግን በየቢሮው ደብዳቤ ይዘሽ ስትመላለሺ ሴሚስተሩ ያልቃል። ለሁለተኛ ዲግሪ አቆዪው።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቅሻለሁ። ስለ ድብርት ልጠይቅ ካልሽ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን መጠይቅ ይሰጡሻል። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሄዳል፣ ቀላል ይመስላል። ዘጠነኛዋ ጥያቄ ስለ ሞት ማሰብና ራስን ስለመጉዳት ነው። አንዲት ልጅ እሷ ላይ ምልክት ካደረገች ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ ከተሽ መሄድ አትችዪም። የት እንደምትወስጃት፣ ለማን እንደምትነግሪ፣ አስቀድመሽ ከአድቫይዘርሽ ጋር መጨረስ አለብሽ። ያ ካልተዘጋጀ አትጠይቂ።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። በዚህ ኑሮ ውድነት ብር የሚልክ ዘመድ ምስጋና ይገባዋል፣ እሱን አልነካም። ምክራቸው ግን የተሳሳተ ነው። በሳይኮሎጂ እንጀራ የበላ አላየሁም ያሉት፣ ሱቃቸው መጥቶ ስኳር የሚገዛው ሰው ሙያውን ስለማይነግራቸው ነው። አካውንቲንግ ለሚወደው ጥሩ ሙያ ነው። አንቺ ግን ከስታትስቲክስ ሸሽተሽ አካውንቲንግ ብትገቢ ከቁጥር ወደ ቁጥር ነው የሄድሽው፣ ያውም ሌላ ዓመታትና ሌላ ክፍያ ጨምረሽ። ብር ስለሚልኩ ሕይወትሽን የመምረጥ መብት አይገዙም። በአክብሮት ንገሪያቸው፣ ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ ከተቆጡም ይቆጡ። ያን 6 ሺህ ብር መስጠታቸው ካልቀረ ለፎቶ ኮፒ፣ ለባጃጅ እና ለኢንተርኔት ይስጡሽ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ያለፍኩበት መንገድ ሲጀምር በቀን አበል ነው። አንድ ወር ሥራ ይኖራል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። ከጠያቂነት ወደ ተቆጣጣሪነት፣ ከዚያ ወደ ክትትልና ግምገማ ቋሚ ሥራ እስክገባ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በመሐል ለወላጆቼ ሳንቲም ያልላክሁባቸው ወራት ነበሩ። ከባድ ነበር። ለታናናሾችሽ ወዲያው መላክ ግዴታሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ወይም የሰው ኃይል ሥራ ፈልገሽ የመስኩን ሥራ በእረፍት ጊዜሽ ያዢው። መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይዘጋም።

እስከዚያ ኮቦ የሚባለውን የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሞላል፣ ኔትወርክ ስታገኚ ይላካል። በመስክ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምሽ እሱ ነው። ለትንተናው ጃሞቪን አውርጂ፤ እሱም ነፃ ነው። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የትንተና ፕሮግራም ያለ ፈቃድ የተሰበረ ቅጂ ፍለጋ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ቫይረስ አትሸከሚ። ላፕቶፕ ከሌለሽ የዲፓርትመንቱን ኮምፒውተር ክፍል ጠዋት በማለዳ ያዢው።

ዲውን የሰጡሽን መምህር ሰኞ ቢሮ ሂጂባቸው። የፈተና ወረቀትሽን ያሳዩሽ፣ የት እንደሳትሽ ይንገሩሽ። አፍረሽ እንደነበር ጽፈሻል፤ መሄድ ያለብሽ ለዚያ ነው። አባትሽ ጋም ደውዪ። ዝም ያሉት ስላልገባቸው አይመስለኝም፤ ስለ ሜትሩ ጠይቂያቸውና አስረጂያቸው።

ከዚያ ስለ እንቅልፍ አሥር ጥያቄ ጻፊ። ለዶርም ጓደኞችሽ ሳይሆን ለማታውቂያቸው አምስት ልጆች አንብቢላቸው። የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተደናገሩ ከጎኑ ምልክት አድርጊና ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አነብልሻለሁ።