የአያቴን ስም ለልጄ ላውጣላት?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ፤ ሴት ናት። እናቴ ሥራ ላይ ስለምትውል ያሳደጉኝ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት እናቷ፣ እማማ እታገኘሁ ናቸው። ሴት ልጅ ብወልድ ስማቸውን እንደማወጣላት ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ባለቤቴ ግን ስሙ ያረጀ ስለሆነ ትምህርት ቤት ስትገባ ይስቁባታል፣ ደግሞም ታላቅ ለሌላት የበኩር ልጅ «እህት አገኘሁ» ማለት ትርጉም የለውም ይላል፤ እርሱ የመረጠው ሶልያና የሚለውን ነው። አማቴ በበኩላቸው «ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የሞተ ሰው ስም ለሕፃን አይሆንም» ይላሉ። እኔ ለእናቴ ብቸኛ ሴት ልጅ ነኝ። ክርስትናዋ ሳይደርስ መወሰን እፈልጋለሁና ምን ይመክሩኛል?
አዲስ እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎት። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ስሙን ያውጡላት እላለሁ። ይህን የምለው ለእማማ እታገኘሁ ያለዎት ፍቅር ስለነካኝ ብቻ አይደለም፤ የአገራችን የስም አጠራር ሥርዓት ራሱ ወደዚያ ስለሚመራኝም ነው። እንደሚያውቁት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ የራሱን ስም ይዞ የአባቱንና የወንድ አያቱን ስም ያስከትላል፤ እርሱ ሲወልድ ደግሞ የአያቱ ስም ይወድቅና የእርሱ ስም በልጁ ስም ቀጥሎ ይቆማል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ የእናት ስም የለም፤ የእናት እናት ስምማ ጨርሶ አይታሰብም። ልጅዎ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስትጻፍ የሚከተሏት ባለቤትዎና የባለቤትዎ አባት ናቸው። እርስዎን አዝለው ያሳደጉት ሴት በዚያ መዝገብ ሊገኙ የሚችሉት የልጅቷ የራሷ ስም ሲሆኑ ብቻ ነው። ጥያቄው የባለቤትዎን አባት ስም ለወንድ ልጅ ስለማውጣት ቢሆን ኖሮ መልሴ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር፤ ደምሴ አሰፋ ደምሴ የሚባል ልጅ አያቱን ስሙ ሳይደገም አስቀድሞ ይዟቸዋልና።

ባለቤትዎ ስለ ትርጉሙ ያነሱት ነጥብ የሚናቅ አይደለም፤ እንዲያውም ስሙን በደንብ እንዳሰቡበት ያሳያል። ከቀደሙት የአማርኛ ስሞች ብዙዎቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ዓረፍተ ነገር ከሆኑም የሚናገራቸው ሰው አለ። ተዋበች ያለ ሰው ሕፃኗን አይቶ ለሌላ ሰው ይናገራል፤ ብዙነሽ ያለ ግን ፊት ለፊት እርሷን ያነጋግራል። ማንደፍሮ የሚለው ስም ውስጥ የአባት ፉከራ ይሰማል። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት በቤቱ ሞት እንደነበረ ይነግሩናል፤ አዲሱ ልጅ የሄደውን እንዲክስ፣ እንዲተካ፣ ሐዘኑንም እንዲያስረሳ የተመኘ ወላጅ ያወጣቸው ናቸውና። የአያትዎ ስም ከእነዚህ ቢሆን ኖሮ ከመወሰንዎ በፊት ቆም ብለው እንዲያስቡ እመክርዎት ነበር፤ የሌላ ቤት የሐዘን ታሪክ በአዲስ ሕፃን ላይ እንዲያርፍ ሁሉም ሰው አይፈቅድምና።

እታገኘሁ ግን የደስታ ስም ነው። እት ማለት እህት ነው፤ ወንድምአገኘሁ የሚለውም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ታላቅ ልጅ በቤት ሲኖር፣ በእርሱ አንደበት ነው። ነገር ግን ተናጋሪው የግድ ሕፃን መሆን የለበትም። ለእናትዎ ብቸኛ ሴት ልጅ እንደሆኑ ጽፈዋል። ያለ እህት ያደገች ሴት ልጅ ወልዳ «እህት አገኘሁ» ብትል ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ትርጉም ከየት ይገኛል? በዚህ መንገድ ስሙ የአያትዎ መታሰቢያ ከመሆኑም በላይ የእርስዎ የራስዎ ንግግር ይሆናል፤ ልጅቷም አድጋ «ስሜ ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቅ የሚነግሯት ሁለት ታሪክ ይኖርዎታል። ባለቤትዎ ይህን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይስቁባታል የሚለው ስጋት ግን ብዙ አያሳስበኝም። ሶልያና ያማረ ስም ነው፤ ሆኖም ዛሬ አዲስ የሆነ ስም ሁሉ ከአርባ ዓመት በኋላ የእናቶች ስም ይሆናል። በጅማ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ቤት ፋጡማና ከድጃ የሚባሉ አያቶችም ሕፃናትም በአንድ ግቢ ይገኛሉ፤ ስማችሁ አረጀ የሚላቸው ሰው ግን የለም። ከጅሬኑ ቤተ መንግሥት ጋር የሚነሱት፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ንጉሥም ዳግማዊ አባ ጅፋር የተባሉት የመንግሥቱ መሥራች የተጠሩበትን የፈረስ ስም እርሳቸውም ስለተጠሩበት ነው። ከከተማዋ ታሪክ ስሞች ሁሉ የታወቀው የተደገመ ስም መሆኑ ነው።

አማትዎን በተመለከተ አነጋገርዎ በጣም ለስላሳ እንዲሆን እለምንዎታለሁ። የሟችን ስም ለልጅ ማውጣት በአንዳንድ ቤተሰብ የተወደደ፣ በሌላው የሚፈራ ነገር ነው፤ እርሳቸውም የሚናገሩት ከልባቸው ፈርተው ነው። በሃይማኖት በኩል ካነሱት፣ በክርስትና ጊዜ ለልጆቻችን የምንሰጣቸው የጊዮርጊስና የተክለ ሃይማኖት ስሞች ያረፉ ቅዱሳን ስሞች እንደሆኑ በትሕትና ሊያስታውሷቸው ይችላሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ድርሻ መስጠት ነው። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ስለሆነ ገና 45 ቀን ያህል አለዎት፤ የክርስትና ስሟን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋግረው እንዲያስመርጡ አማትዎን ይጠይቋቸው። የቁልምጫ ስሟንም ባለቤትዎ ያውጡላት፤ ሶልያና ብለው ቤት ውስጥ ቢጠሯት ማን ይከለክላቸዋል?

አንድ ነገር ግን ራስዎን ይጠይቁ። ስሙን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሲጠሩ እንባ የሚቀድምዎት ከሆነ ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው ማለት ነው። ልጅ በቀን መቶ ጊዜ ትጠራለችና በየጥሪው ማልቀስ ለእርስዎም ለእርሷም አይበጅም። ለአንድ ሳምንት ቤት ውስጥ በዚህ ስም እየጠሯት ይሞክሩት፤ ፊትዎ እየፈካ ከሄደ ያጽኑት።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወረቀቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበትና ከክርስትናው ማግስት ብዙ ጊዜ አይኖርዎትም። በጅማ ስሙ በቁቤም ስለሚጻፍ፣ «ኘ» በቁቤ በሁለት ፊደላት እንደምትጻፍ አስታውሰው አጻጻፉን አስቀድመው በወረቀት ላይ ይዘው ይሂዱ፤ የክትባት ካርዱና የልደት ምስክር ወረቀቱም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መሞላታቸውን ከመዝገቡ ፊት ሳይነሱ ያረጋግጡ። የእማማ እታገኘሁ ታላቅ እህት ወይም ወንድም በሕይወት ካሉ ደግሞ ከዚያ በፊት ሄደው ሕፃኗን ያሳዩአቸው፤ ያን ጊዜ «እህት አገኘሁ» ያለው ማን እንደነበረ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።