የጉንጭ ፊልሙ አልይዝ ሲል

«እናቴ እዚህ ቨርጂኒያ አብራኝ ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል። ለዓመታት ላሠቃያት የወገብ ሕመም ሐኪሟ ስትውጠው የነበረውን ክኒን ትቶ ቤልቡካ የሚባል፣ ጉንጭ ውስጥ የሚለጠፍ ፊልም አዘዘላት። ግን አልይዝ አላት። አፏ ውስጥ ይንሸራተታል፣ በምላሷ ታገላብጠዋለች፣ ቶሎ እንዲያልቅላት ደግሞ በውኃ ወይም በቡና ታወርደዋለች። ሕመሙ ስላልቀነሰ ሐኪሙ መጠኑን ጨመረላት፤ አሁንም ሌሊት ከእንቅልፏ ያነቃታል። ሁለት በአንዴ ልስጣት? ወይስ ቀኑን ሙሉ እንዲዳረስ ለሁለት ልቁረጠው? ካልሆነላትስ የተረፈውን አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ብልክላት? እሷንም ወገቧን ያማታል።»

እህቴ፣ ሁለት በአንዴ አይስጧቸው፤ አይቁረጡትም፤ ለአክስትዎም አይላኩት። ለሦስቱም ምክንያት አለኝ። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ጥያቄዎ ውስጥ በአጭሩ ነክተው ያለፉት ጉዳይ ነው፦ ሐኪሙ መጠኑን ጨምሯል።

ሐኪሙ መጠኑን የጨመረው እናትዎ ፊልሙን በትክክል እየተጠቀሙ ሕመሙ አልበርድ ያላቸው መስሎት ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ግን ሌላ ነው። እየዋጡት ከሆነ ወደ ደማቸው የሚደርሰው ሐኪሙ ከገመተው እጅግ ያንሳል። ነገ ጠዋት አለጣጠፉን ብናስተካክል ደግሞ ያ የተጨመረው መጠን በሙሉ ኃይሉ ይደርስባቸዋል። በዚህ ዕድሜ ላሉ ሰው ይህ ከባድ እንቅልፍና መንገዳገድ፣ ሲብስም የትንፋሽ መዳከም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ቀጣዩ ፊልም ከመለጠፉ በፊት ለሐኪሙ ይደውሉና እንዲህ ይበሉ፦ «እናቴ ፊልሙን ስትውጠው ነበር። መጠኑ የተጨመረውም በዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ከአሁን በኋላ በትክክል ስትለጥፈው በየትኛው መጠን ትጀምር?» ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሆነ ተረኛ ሐኪም እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ። እስከዚያ በራስዎ አይጨምሩ፤ መድኃኒቱንም በድንገት አያቋርጡ፤ ሰውነት ከለመደው በኋላ ድንገት ሲቀር ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥና ዕረፍት ማጣት ይከተላል።

ፊልሙ ለምን መዋጥ እንደሌለበት ልንገርዎ፤ ምክንያቱ ከገባዎ እናትዎን ማሳመን ይቀልዎታል። ውስጡ ያለው መድኃኒት ቡፕሪኖርፊን ይባላል፤ ከሞርፊን ወገን የሆነ ኃይለኛ ማስታገሻ ነው። ሲዋጥ ወደ ቀሪው ሰውነት ከመድረሱ በፊት አንጀትና ጉበት አብዛኛውን ያፈርሱታል። በጉንጭ ውስጠኛ ሥጋ በኩል ሲገባ ግን ጉበትን ሳያገኝ በቀጥታ ወደ ደም ይቀላቀላል፤ በዚህ መንገድ ከመድኃኒቱ ከ46 እስከ 65 በመቶው ደም ውስጥ ይገኛል። በቡና የወረደው ፊልም እንግዲህ ቆይቶ የሚሠራ መድኃኒት አይደለም፤ አብዛኛው የባከነ ነው። የቤልቡካ መጠን በማይክሮግራም፣ ከ75 እስከ 900 የሚለካውም ለዚህ መንገድ ተሰልቶ ነው።

አሁን ወደ መንሸራተቱ እንምጣ። አንዱን ፊልም ብርሃን ላይ አድርገው ቢያዩት ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ መድኃኒቱም የሚያጣብቀውም ነገር ያለው እዚያ ነው። ሌላው ነጭ ሲሆን የመጠኑ ምልክት በጥቁር ቀለም ታትሞበታል፤ ሥራው መድኃኒቱ ወደ ምራቅ እንዳይፈስ ከኋላ መዝጋት ነው። ቢጫው ጉንጩን ይንካ፣ ጽሑፍ ያለበት ነጩ ወደ ምላስ ይዙር። ተገልብጦ ከተለጠፈ በደንብ አይይዝም፤ መድኃኒቱም ከምራቅ ጋር ወደ ሆድ ይወርዳል። ከነገሩኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ የአፍ መድረቅ ነው። በዕድሜ የገፉና ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አፋቸው ይደርቃል፤ ደረቅ ጉንጭ ላይ ደግሞ ፊልሙ አይጣበቅም። ስለዚህ እናትዎ ከመለጠፋቸው በፊት አፋቸውን በውኃ ይጉመጥመጡ፣ ወይም የጉንጫቸውን ውስጥ በምላሳቸው ያርጥቡ። እጅ ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ጣት ላይ ፊልሙ ወዲያው ይለጠፍና ይጨማደዳል። ማሸጊያው የሚከፈተው ሁሉ ነገር ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከፍቶ ማስቀመጥ አይገባም። በነጥብ በተሠመረው በኩል አጥፈው ይቅደዱት፤ መቀስ ከተጠቀሙም ውስጡን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ፊልሙን በጣትዎ ጫፍ ላይ ቢጫውን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡ፣ ጉንጭ ላይ ይጫኑት፣ 5 ሰከንድ ያህል ሳይለቁ ያቆዩት፣ ከዚያ ጣትዎን ይሳቡ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ፊልሙ የጉንጩን ሥጋ እንጂ ጥርሱን እንዳይነካ ቦታ ይምረጡ። ቁስል ወይም የተላጠ ቦታ ላይ አይለጠፍም፤ አፋቸው በሰፊው ከቆሰለ መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ ሊገባ ስለሚችል ያኔ ሐኪሙን ያማክሩ።

ከተለጠፈ በኋላ ያለው ሥራ ፊልሙን መተው ብቻ ነው፤ ለብዙ ሰው ግን የሚከብደው ይኸው ነው። እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ሟሙቶ ያልቃል። በምላስ አይነካካ፣ በጣት አይታይ፣ አይታኘክ። እስኪያልቅ መብላትም መጠጣትም የለም። ውኃም ቢሆን የሚገባውን መድኃኒት ይቀንሳል፤ እንደ ኮካ ያለ አሲድነት ያለው መጠጥ ደግሞ የበለጠ ይቀንሰዋል። ቡናውን እናትዎ እንዲተዉት አልመክርም፤ ማንም እናት ቡናዋን ተከልክላ የሚታዘዝ መድኃኒት አይሳካም። ፊልሙን ቡናው ከመቆላቱ በፊት ይለጥፉላቸው፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ጀበናው ተጥዶ አቦሉ እስኪቀዳ ፊልሙ አልቆ ይጠብቃቸዋል።

ሌሊት የሚያነቃቸውን ሕመም በተመለከተ ሰዓቱን ያጣሩ። ፊልሙ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው። ለአበሻ ቤተሰብ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በማሸጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ከጠዋቱ 7 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ነው። እናትዎ የጠዋቱን 7 ብቻ ቀትር አልፎ ያለው 7 ሰዓት አድርገው ከተረዱ አንዱ ክፍተት ከ12 ሰዓት ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ ሕመሙም በረዘመው በኩል ይመጣል። «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» ብለው በአማርኛ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉላቸው። ጾም ላይ ከሆኑም መድኃኒቱ አይዘለል፤ የሃይማኖቱን ጥያቄ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይምከሩበት፤ ሰዓት ማሸጋሸግ ካስፈለገ ደግሞ ሐኪሙ ይወቀው።

ሁለት በአንዴ የማይለጠፈው ለዚህ ሁሉ ነው፤ የጎደለው አቀማመጡ እንጂ ብዛቱ አይደለም። አንዱ ተረስቶ ቢያልፍም ለማካካስ ብሎ ሁለት መለጠፍ አይቻልም። ለሁለት መቁረጥም ዕድሜውን አያረዝመውም፤ መጠኑን ይቀንሳል እንጂ። መመሪያውም የተቆረጠ ወይም የተቀደደ ፊልም መጠቀምን ይከለክላል።

ዘመድ ወይም ጎረቤት «የእኔ ምላስ ላይ ሟሙቶ ያልቃል፣ ምንም ጣጣ የለውም» ቢላቸው ላይዋሽ ይችላል። ዓይን ሊለያቸው የማይችል፣ ግን በሌላ መንገድ የሚሠሩ ፊልሞች አሉ። ማስመለስን የሚያቆመው የኦንዳንሴትሮን ፊልም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው የክሎባዛም ፊልም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የተፈቀዱ ናቸው፤ ሁለቱም ምላስ ላይ ሟሙተው ከምራቅ ጋር ይዋጣሉ፣ ሰውነት የሚቀበላቸውም እንደ ክኒን በአንጀት ነው። ለኦፒዮይድ፣ ማለትም ከሞርፊን ወገን ለሆኑ መድኃኒቶች፣ ሱስ ሕክምና የሚሰጠው ሰቦክሶን ደግሞ ቡፕሪኖርፊን ያለበት ሆኖ ከምላስ ሥር ወይም ጉንጭ ላይ ይቀመጣል። አንዱን በሌላው መመሪያ መጠቀም አይቻልም። አብሮ የሚመጣው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ፋርማሲው በስልክ አስተርጓሚ እንዲያቀርብልዎ ይጠይቁ፤ ለእናትዎ በቀጥታ በአማርኛ ቢነገራቸው ይሻላል።

ጥርሳቸውንም አይርሱ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥር 2022 እንዳስጠነቀቀው፣ አፍ ውስጥ በሚሟሙ የቡፕሪኖርፊን መድኃኒቶች ተጠቃሚዎች ላይ፣ ከዚያ በፊት የጥርስ ችግር ባልነበረባቸው ሰዎች ጭምር፣ መቦርቦርና ኢንፌክሽን፣ የጥርስ መነቀልም ታይቷል። ማስጠንቀቂያው መድኃኒቱን አቋርጡ አይልም። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ አንድ ጉንጭ ውኃ ቀስ ብለው አፋቸው ውስጥ አዟዙረው ይዋጡ፤ ጥርሳቸውን ለመፋቅ ግን ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆዩ። ለጥርስ ሐኪማቸውም ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ ይንገሩ።

አሁን የምለው ለሕይወታቸው ነው። ከአገር ቤት የመጣ ዲያዜፓም ወይም ሌላ የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒን በሻንጣ ውስጥ ካለ፣ ከዚህ ፊልም ጋር አንድ ላይ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ጠጅም፣ አረቄም፣ ቢራም እንዲሁ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ተደርጎላቸው ሪፋምፒን ከተጀመረላቸው የፊልሙ ኃይል ይወርዳል፤ እንደ ክላሪትሮማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ ደግሞ ይጨምረዋል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትም ቢሆን ለፋርማሲስቱ ሳይነገር አይጀመር። እንዲህ ዓይነት ማስታገሻ ሲበዛ ጉዳቱን የሚቀለብሰው፣ በአፍንጫ የሚነፋው ናሎክሶን በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ተፈቅዷል፤ አንድ ገዝተው ቤት ያስቀምጡ። እናትዎ ሲቀሰቅሷቸው አልነቃ ካሉ፣ ትንፋሻቸው ከዘገየ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ 911 ይደውሉና ናሎክሶኑን ይስጡ። ቡፕሪኖርፊን በቀላሉ ስለማይለቅ አንድ ጊዜ ላይበቃ ይችላል፤ እንደ መመሪያው ይድገሙ፣ እርዳታ እስኪደርስም አጠገባቸው ይሁኑ።

ፊልሙ ሚንት ሚንት ይላል። ልጅ ከረሜላ ሊመስለው ይችላል፤ ለሕፃን ደግሞ አንዱ ብቻ ሊገድል ይችላል። በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የተረፈው ከማሸጊያው ወጥቶ ሽንት ቤት ውስጥ ይጣልና ውኃ ይለቀቅበት፤ ባዶው ማሸጊያ ወደ ቆሻሻ ይሂድ።

ወደ አክስትዎ ስመጣ፣ ፍቅርዎ ይገባኛል፤ ለብዙዎቻችን ወደ አገር ቤት መድኃኒት መላክ የዘመድ ግዴታ ነው። ይህኛው ግን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ስለሆነ ለሌላ ሰው መስጠትም ከአገር ማስወጣትም በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የእናትዎ ሰውነት ቀስ በቀስ የለመደው መጠን፣ እንዲህ ዓይነት ማስታገሻ ወስደው ለማያውቁ ሰው ትንፋሽ የሚያሳጣ ሊሆን መቻሉ ነው። ለአክስትዎ የሚጠቅመው ወገባቸውን መርምሮ ምክንያቱን የሚፈልግ ሐኪም ነው። ፊልሙን ለመላክ ያሰቡት ገንዘብ ካለ ለዚያ ምርመራ ይላኩላቸው፤ ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ እግር የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።